ሶፋ ከመከራየት በፊት፦ ስለ ቤት ሽያጭ ዝግጅት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ቤትዎን በአንድ ሳምንት ለገዥ ዓይን ያዘጋጁ» የሚል ጽሑፍ በአዲስ አበባ ቤት ለመሸጥ ባሰቡ ሰዎች ዘንድ ሲነበብና ሲመከርበት ሰንብቷል። የጸሐፊው ምክሮች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ግድግዳው ሁሉ ነጭ ወይም ግራጫ ቀለም ይቀባ፤ የቤተሰቡ ዕቃ ወጥቶ በኪራይ በመጣ ዘመናዊ ዕቃ ይተካ፤ የውሃ ታንከር፣ ጀሪካንና ምጣድ ከዓይን ይሰወሩ፤ ገዥ ሲመጣ ዕጣን ይጨስ፤ ጉብኝቱ መብራት ሁሉ በርቶ ማታ ይሁን፤ የይዞታ ካርታው ዋጋ ላይ እስኪደረስ አይታይ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከሽያጩ ላይ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል ይላሉ፤ በማስረጃነት የሚጠቅሱትም የአሜሪካን ልምድ ነው።

እኔ የምተዳደረው በሕንፃ ፊኒሺንግ ሥራ ነው። ሊሸጡ ያሰቡ ባለቤቶች ቤታቸውን እንዳድስላቸው ይጠሩኛል፤ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ደግሞ ግድግዳውንና ቧንቧውን እንዳይላቸው ይዘውኝ ይሄዳሉ። ጸሐፊው ስለ ጽዳት፣ የማያስፈልግ ዕቃ ስለ ማስወገድና የተሰበረ እጀታ ወይም መስታወት ስለ መጠገን የጻፉት ትክክል ነው። ከዚያ የሚቀረው ምክራቸው ግን በአብዛኛው ቤቱን በመሸፈን ላይ የተመሠረተ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ የተሸፈነ ቤት ገዥን ያርቃል። ሻጭ ገንዘቡንና ጊዜውን ማዋል ያለበት ቤቱ ሲመረመር የሚያሳፍር ነገር እንዳይገኝበት በማድረጉ ላይ ነው።

ከማስረጃቸው ልጀምር። ለሽያጭ የቀረበን ቤት በዕቃ አሳምሮ የማሳየት ሥራ እንደ ሙያ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ በጀማሪነት ስማቸው የሚነሣው በሲያትል አካባቢ ይሠሩ የነበሩት ባርብ ሽዋርዝ ናቸው። ጸሐፊው ይህን ልምድ ሲያመጡልን ግን ግማሹን እዚያው ትተውታል። በዚያ አገር ገዥው ሽያጩ ከመጠናቀቁ በፊት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ወጪ የቤት መርማሪ ቀጥሮ ጣሪያውን፣ ቧንቧውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ያስመረምራል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ በብድር የሚገዛም ከሆነ አበዳሪው የራሱን ገማች ይልካል። ሶፋውና አበባው የሚመጡት ይህ ሁሉ ባለበት ነው። እኛ ዘንድ ሻጭ የሚሞላው እንዲህ ያለ ቅጽ የለም፤ መርማሪ ቀጥሮ መግዛትም ገና አልተለመደም፤ ስለዚህ ገዥው ራሱ መርማሪ ሆኖ፣ ወንድሙን ወይም የሚያውቀውን ግንበኛ አስከትሎ ይመጣል፣ የተሸፈነ ነገር ሁሉ ደግሞ ያጠራጥረዋል።

የዋጋው ጉዳይም ጸሐፊው እንዳሉት የጸና አይደለም። የአሜሪካ የሪል እስቴት ወኪሎች ብሔራዊ ማኅበር በየጊዜው የሚያወጣው የዳሰሳ ሪፖርት የሚነግረን ወኪሎች ምን እንደሚያስቡ ነው፤ ያማረውንና ያላማረውን ቤት ጎን ለጎን ሸጦ ያገኘው ልዩነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ማርክ ሌን፣ ማይክል ሳይለርና ቪኪ ሳይለር ያሳተሙት ጥናት በአንጻሩ የግድግዳ ቀለምና የዕቃ ውበት ተመልካቾች ስለ ቤቱ ያላቸውን ስሜት ቢለውጥም፣ ሊከፍሉ የሚፈቅዱትን ዋጋ በጉልህ አለመለወጡን ነው ያገኘው። «እጥፍ ሆኖ ይመለሳል» ተብሎ የተነገረው ባለቤት ሶፋ ለመከራየት ከመበደሩ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።

ወደ ቀለሙ ልለፍ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውና ብዙ ሻጭ የሚጎዳው በዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ጸሐፊው «አንድ ዙር ነጭ ቀለም የአሥር ዓመት እድፍ ያጠፋል» ይላሉ። እድፍን ሊያጠፋ ይችላል፤ እርጥበትን ግን አያጠፋም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ግድግዳ ውስጥ የገባ ውሃ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ቀስ እያለ ሲወጣ በልስኑ ውስጥ ያለውን ጨው ይዞ ወደ ላይ ይመጣል። ከላዩ ላይ ቀለም ከተደረበበት ውሃው መውጫ ያጣና ቀለሙን እንደ ፊኛ ይነፋዋል፣ ከዚያም ይፈረፍረዋል። ታኅሣሥ ላይ ተቀብቶ ያማረ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ሐምሌ ሳይገባ ያጋልጣል፤ ይህም ገዥው ቀብድ ከፍሎ ርክክቡን በሚጠብቅበት ወቅት ሊሆን ይችላል።

ገዥዎች ይህን ያውቃሉ። ቀለሙ ገና የሚሸት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነውን ግድግዳና የኮርኒሱን ማዕዘን በስልክ መብራት ማየት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ከአንዲት እናትና ከልጃቸው ጋር ሄጄ ባየሁት የምድር ቤት አፓርታማ ውስጥ ሴትዮዋ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ገና አልደረቀም፤ ቀብተው አስቸኩለውታል» አሉት። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ከላይኛው ፎቅ ይወርድ የነበረውን ውሃም አስጠግነዋል። ነገር ግን ጥገናውን የሚያሳይ ነገር አላስቀሩም፤ ቀለሙ ሸፍኖታል። ገዥዎቹም ጥገናውን ሳይሆን ሽፋኑን አይተው ሄዱ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል አድካሚ ነው፣ ሌላ መንገድ ግን የለውም። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ፦ ከጣሪያ ቆርቆሮው ምስማር ወይም ከአሸንዳው፣ ከቴራሱ ወለል፣ ከላይ ጎረቤት ካለው መታጠቢያ ቤት፣ ወይስ ግቢው ውስጥ ቆሞ ወደ መሠረቱ ከሚሰርገው ጎርፍ? ምንጩ ከተዘጋ በኋላ የበሰበሰው ልስን እስከ ብሎኬቱ ድረስ ተፍቆ ይውጣ፤ እንዲደርቅ ይተው፤ አዲሱ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ስቱኮና ቀለም ይከተሉ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ ይነሣና ቀኑ ይጻፍበት። ለገዥ «እዚህ ጋ ያንጠባጥብ ነበር፤ እንዲህ አድርገን ዘጋነው፤ ባለፈው ክረምት ደረቅ ነበር» ብሎ ፎቶውን ማሳየት ከማንኛውም ነጭ ቀለም የበለጠ ቤቱን ይሸጣል። ሕጉም ከዚህ ወገን ነው፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1704 በማታለል የተገኘ ስምምነት ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። የታወቀን ጉድለት አውቆ መሸፈን ሻጭን እስከ ፍርድ ቤት ሊያደርሰው ይችላል።

ስለ ኪራይ ዕቃው ጥቂት ልበል። ባዶ ቤት ከእውነተኛ መጠኑ አንሶ እንደሚታይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ አንድ አልጋና አንድ የምግብ ጠረጴዛ ገዥው ክፍሉን በዓይኑ እንዲለካ ይረዱታል። ግን የመሀል ከተማ ገዥ በአብዛኛው ይዞት የሚመጣው የራሱ ትልቅ ሶፋና ቡፌ አለው፤ ሊያውቅ የሚፈልገው የራሱ ዕቃ መግባቱን ነው። ለዚህ የሚጠቅመው የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመትና ስፋት በሜትር የተጻፈበት አንድ ወረቀት ነው። አፓርታማ ከሆነ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የተጣራው ስፋትና የጋራ መተላለፊያውን ድርሻ የጨመረው ጠቅላላ ስፋት ተለይተው ይቀመጡ፤ ብዙ ድርድር የሚፈርሰው ገዥው «መቶ ካሬ» ተብሎ መጥቶ ሲለካ ሰማንያ ሲያገኝ ነው። ሰፊ በሚያሳይ ሌንስ የተነሣ ፎቶም ይህንኑ ችግር ያመጣል።

የቤተሰብ ፎቶና ሥዕለ አድኅኖ ከግድግዳ ይውረዱ መባሉን በሙሉ አልቀበለውም። ለማስታወቂያ በሚነሣው ፎቶ ውስጥ የልጆች ምስልና የግል ነገር እንዳይታይ ማድረግ ተገቢ ነው፣ የቤተሰቡን ደኅንነት የሚጠብቅ ነውና። በጉብኝት ጊዜ ግን ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ የሚጸልይበትን ሥዕል አውርዶ እንዲደብቅ መጠየቅ ገዥውንም ሻጩንም መናቅ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው የሌላው እምነት ምልክት እንግዳ አይደለም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ የምቃወመው ምክር ላይ ደርሻለሁ። ጸሐፊው የውሃ ታንከሩ በጨርቅ ወይም በአትክልት ይሸፈን፣ ጀሪካኖቹ ይውጡ፣ ምጣዱም ይነሣ ይላሉ፤ «የችግር ምልክቶች» ብለዋቸዋል። በመሀል አዲስ አበባ ገዥ የመጀመሪያ ጥያቄው «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» የሚለው ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የማያውቅ የከተማው ነዋሪ የለም፤ ታንከር ያልታየበት ቤት ንጹሕ ሳይሆን ውሃ የሌለው ይመስላል። ስለዚህ ታንከሩ ይታይ፤ ታጥቦ፣ ክዳኑ ገጥሞ፣ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ እየሠራ ይታይ። ስሌቱንም ለገዥው አቅርቡለት፦ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ይሆናል፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አምስት ቀን ያደርሳል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣበት ሰፈር ይህ በቂ መልስ ነው። ቤቱ ፎቅ ላይ ከሆነ የታችኛው ታንከር፣ ፓምፑና የጣሪያው ታንከር እንዴት እንደተያያዙ፣ ፓምፑ የግል ይሁን የጋራ፣ መብራት ሲጠፋ ከጣሪያው ታንከር ውሃ በራሱ ክብደት ይወርድ እንደሆነ ማሳየት ያስፈልጋል። ገዥ ባለበት የላይኛውን ፎቅ ቧንቧ መክፈት ደግሞ ከማብራሪያው ሁሉ ይበልጣል።

ምጣዱም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ከተራ ሶኬት ላይ ከማቀዝቀዣና ከውሃ ማሞቂያ ጋር ተደርቦ ሲሰካ ገመዱን ያሞቃል፣ ብሬከሩንም ይጥላል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ለምጣዱ ብቻ የተዘረጋ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር፣ እንዲሁም እንፋሎት የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል። ይህ ያለው ቤት ትልቅ ነገር አለው። ምጣዱን ሰውሮ ማድ ቤቱን የመጽሔት ፎቶ ማስመሰል ለሴቶችም ለወንዶችም ገዥዎች ዋናውን መረጃ መከልከል ነው፤ «እዚህ ቤት የት ነው የሚጋገረው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የማከፋፈያ ሳጥኑ ተከፍቶ እያንዳንዱ ብሬከር የቱን ክፍል እንደሚቆጣጠር በወረቀት ተጽፎ ቢለጠፍበት፣ ቆጣሪው ባለ አንድ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ መሆኑም ቢነገር፣ ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ስለ ዕጣኑ ብዙ የምለው የለኝም። እንግዳን በቡና መቀበል ደግ ነገር ነው፤ ገዥም እንግዳ ነው። ሽታን ለመሸፈን ሲባል የሚጨስ ዕጣን ግን ገዥውን ምን ሊሸፍን እንደሆነ ያስጠይቀዋል፣ ጭስ የማይስማማውንም ያባርረዋል። ሰው ያልገባበት መታጠቢያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሸተው በወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ የቱቦው ጋዝ ስለሚወጣ ነው፤ ከጉብኝቱ አንድ ቀን በፊት በየመውረጃው አንድ አንድ ሊትር ውሃ ማፍሰስ ያስተካክለዋል። የሻገተ ቁም ሳጥን ደግሞ ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ ይጸዳ፣ ይናፈስ።

የማታው ጉብኝት ምክር ለካሳንቺስ፣ ለፒያሳ፣ ለሜክሲኮ ወይም ለልደታ አይሠራም። በእነዚህ ሰፈሮች ገዥ ማየት የሚፈልገው ቀን ምን ያህል ድምፅ እንዳለ፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ ከጎን እየተሠራ ያለው ሕንፃ ፀሐዩን ይጋርድ እንደሆነ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥና በጥር የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ይላል፤ ወደ ደቡብ የሚያይ ሳሎን ያለው ሰው በእነዚያ ወራት ረፋድ ላይ መጋረጃውን ገልጦ ቢያሳይ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ገዥው በማታ ከመጣም በቀን ተመልሶ ይመጣል፤ የተደበቀውን ያኔ ያየዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠውም ዋጋ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ደረጃውን ነው። ለአፓርታማና ለኮንዶሚኒየም ጉብኝት የሚጀምረው ከበሩ ውጭ ነው፦ የተቃጠለው የደረጃ አምፖል፣ በአንደኛው ፎቅ የተከማቸው ቆሻሻ፣ የማይሠራው ሊፍት፣ ጥበቃው እንግዳ የሚቀበልበት መንገድ። ከጎረቤትና ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ ይህን ማስተካከል፣ የጋራ መዋጮ ውዝፍ ካለም ከፍሎ ደረሰኙን መያዝ ከኪራይ ሶፋ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

የቀረው የካርታው ጉዳይ ነው። «ካርታ ዋጋ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት አታሳዩ፤ ገዥ ሰበብ ያገኛል» ተብሏል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረና በ2017 ዓ.ም. የካሳንቺስ ሰፋፊ መንደሮች ከተነሡ ወዲህ መሀል ከተማ ላይ ገዥ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የሚጠይቀው «ቦታው በልማት ይነካል ወይ?» ብሎ ነው። ለዚህ የሚሰጠው መልስ የሚጀምረው ከካርታው ነው፤ ገዥው የቦታውን የመሬት አጠቃቀምና የመንገድ ይዞታ ክፍለ ከተማ ሄዶ የሚያጣራው በካርታው ላይ በተጻፈው መሠረት ነው። ካርታውን የከለከለ ሻጭ «ይነካል» ብሎ እንደመለሰ ይቆጠራል። ሰነዱ በማይታመን ሰው እጅ እንዳይገባ የሚሰጉ ሰዎች ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ዋናውን በቤት ውስጥ ማሳየትና ለሚያጣራ ገዥ ደግሞ በላዩ «ለማጣራት ብቻ» ተብሎ በሰያፍ የተጻፈበት ቅጂ መስጠት ነው።

ከዚህም በላይ ካርታውን ቀድሞ ማውጣት ለሻጩ ራሱ ይጠቅመዋል። በአራዳና በቂርቆስ ያሉ ብዙ የቆዩ ቤቶች ካርታቸው አሁንም በአባት ወይም በአያት ስም ነው፤ የወራሽነት ማረጋገጫው አልወጣም፣ ወይም ከወራሾቹ አንዱ ውጭ አገር ስለሆነ ውክልና አልላከም። ከካርታው ውጭ የተሠራ ሰርቪስ ቤት አለ፤ የባንክ ዕገዳ ዕዳው ከተከፈለ በኋላም ያልተነሣበት አለ፤ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ውዝፍ አለ። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተመዘገበ ሊጸና እንደማይችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ስለሚያመለክት፣ እነዚህ ጉዳዮች ሁሉ በመጨረሻ የሰነዶች ማረጋገጫ መስኮት ላይ መውጣታቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ ገዥው ገንዘቡን ይዞ፣ ደላላው ሰዓቱን እያየ፣ ሻጩ የወንድሙ ውክልና ከውጭ አገር እስኪመጣለት እንዲጠብቁት ሊለምን ነው።

«በአንድ ሳምንት» የሚለው ርእስም በዚሁ ምክንያት ሊስተካከል ይገባል። ዕገዳ ማስነሣት፣ ወራሽነት ማረጋገጥና ውክልና ማስላክ ወራት ሊፈጁ ይችላሉ፤ የተፋቀ ግድግዳም በአንድ ሳምንት አይደርቅም። ቤቱን በጥር ወይም በየካቲት ለገዥ ማሳየት የሚፈልግ ባለቤት ክረምቱ ሳይወጣ፣ ገና ዝናብ እየዘነበ፣ ውሃው የት እንደሚገባ በዓይኑ አይቶ ፎቶ ያንሣ፤ በጥቅምት ልስኑን ያስፍቅ፣ ጎን ለጎንም ክፍለ ከተማ ሄዶ የካርታውን ሁኔታ ያጣራ፤ በኅዳር ያስለስን፤ ቀለሙን በታኅሣሥ መጨረሻ ያስቀባ።